ቁልቁለት፣ አውቶማቲክ ማርሽና የነዳጅ ነገር

ነገሩ የተነሣው በኢስት ኮልፋክስ ካሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች በአንዱ ነው። ቤተሰቤን ይዤ ከኮሎራዶ ተራሮች ስመለስ፣ በረጅሙ ቁልቁለት ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ፤ የፍሬኑ ፔዳልም ከወትሮው ወደ ታች እየሰመጠ ሄደ። እንደ ምንም ዳር ይዤ ቆምኩና ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ይህን ስተርክ፣ አገር ቤት በዓባይ በረሃ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ አንድ አባት «ማርሽህ ስንት ላይ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አውቶማቲክ ነው እኮ ጋሼ፤ ዲ ላይ ነዋ!»

«እንግዲያውስ የያዘህ ፍሬን ብቻ ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚያወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። የዚያ መንገድ ሾፌሮች ደንብ አጭር ነው፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። እግራችንን ከነዳጅ መስጫው ስናነሣ ጎማው በተራው ሞተሩን ማዞር ይጀምራል። የቤንዚን ሞተር የአየር መግቢያው ስለሚዘጋበት አየር ለመሳብ ይታገላል፤ ይህ ትግል መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ማርሹ ዝቅ ባለ መጠን የሞተሩ ዙር ስለሚጨምር አያያዙም ይበረታል።

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ጠባይ ግን ለየት ይላል። በፍሪሲዮን ፈንታ ኃይልን በዘይት የሚያስተላልፍ ቶርክ ኮንቨርተር አለው። ዘይቱ ስለሚያንሸራትት፣ ከጎማ ወደ ሞተር የሚመለሰው ኃይል ይላላል፤ ሲወጣም የተወሰነ ነዳጅ በሙቀት መልክ ይባክናል። የድሮ አውቶማቲኮች ከማንዋል ይልቅ ነዳጅ ይበሉ የነበረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1978 ኮንቨርተሩን የሚቆልፍ ክላች በመኪኖቹ ላይ ማስገባት ጀመረ፤ ዛሬ ይህ የተለመደ ነገር ሲሆን ስምንትና አሥር ማርሽ ያላቸውም ብዙ ናቸው። ሆኖም ዲ ላይ ያለ ካምቢዮ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ከፍተኛውን ማርሽ ይመርጣል። ይህ ለሜዳ መንገድ ደግ ነው፤ ለቁልቁለት ግን ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ስለሚሽከረከር መኪናውን እምብዛም አይዝም።

በጠረጴዛው ዙሪያ ከነበሩት አንዱ ታክሲ ነጂ «እኔ ቁልቁለት ላይ ኒውትራል አስገብቼ ነዳጅ እቆጥባለሁ» አለ። በካርቡሬተር ዘመን ሐሳቡ ስሕተት አልነበረም። ዛሬ ግን መኪናው ማርሽ ላይ ሆኖ እግራችንን ስናነሣ ኮምፒዩተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ፈጽሞ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ነውና። ዙሩ በጣም ሲወርድ ብቻ መልሶ ይከፍታል። ኒውትራል ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ የግድ ነዳጅ ያቃጥላል። ስለዚህ በረጅም ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ የሚጮኸው ሞተር ከዝምተኛው ያነሰ ነዳጅ ይበላል ማለት ነው! በዚያ ላይ የኮሎራዶ ሕግ ቁልቁለትን በኒውትራል መውረድ ይከለክላል።

በሜዳ ላይ ግን ሳያስፈልግ ማርሽ ዝቅ ማድረግ አያዋጣም። በነዳጅ የተገዛ ፍጥነት ነውና ቀይ መብራት ከሩቅ ሲታይ እግርን ቀድሞ ማንሣት ይበቃል።

ፕሪየስ የምትነዱም «ቢ» የሚለውን ምልክት ሳታዩ አትቀሩም። ዲ ላይ ፍሬን ሲያዝ ጉልበቱ ወደ ባትሪ ይመለሳል። በረጅም ቁልቁለት ባትሪው ሲሞላ ግን መቀበል ያቆማል፤ ያኔ «ቢ» ሞተሩን ያለ ነዳጅ በማዞር ያግዛል። በኮልፋክስ ላይ ግን ጉልበት ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

የእኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለበት። ዴንቨር ከባሕር ወለል 5,280 ጫማ ከፍ ትላለች፤ በአይ-70 ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ደግሞ ከ11,000 ጫማ በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ለመውጣት ብቻ ሳይሆን መኪናውን ለመያዝም ይደክማል። ስለዚህ በዝቅተኛ ቦታ ከለመድነው አንድ ማርሽ ዝቅ ማለት ሊያስፈልግ ይችላል።

ነገሩ የሳንቲም ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 በዚሁ አይ-70፣ ሌክውድ አጠገብ፣ ከተራራው የወረደ የጭነት መኪና ፍሬን አልይዝ ብሎት መንገድ ተዘግቶባቸው ከቆሙ መኪኖች ጋር ተላተመና አራት ሰዎች ሞቱ።

እንግዲህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነት ቀንሱ፤ ማርሹን ወደ 3፣ ወደ 2 ወይም «ኤስ» ካለው ወደዚያ አውርዱ። ዙር መቁጠሪያው ቀዩን መስመር እስካልነካ ድረስ የሞተሩ ጩኸት አያስደንግጣችሁ። ፍሬኑን አሥር ማይል ሙሉ ከመደገፍ ይልቅ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁት፤ የመቀዝቀዣ ጊዜ ያገኛል።

በሚቀጥለው ጊዜ ከተራራ ስወርድ ማርሼ 3 ላይ ነበር። ልጆቼ ሞተሩ ለምን እንደሚጮህ ቢጠይቁኝ «የዓባይ በረሃ ትምህርት ነው» አልኳቸው። መልካም መንገድ።