ጉድጓዱም ቅርጽ ነው

በኦክቶበር 1968 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኖቡኦ ሴኪኔ የተባለ የ26 ዓመት ጃፓናዊ፣ ኮቤ ከተማ መናፈሻ ውስጥ ለተዘጋጀ የቅርጻ ቅርጽ ኤግዚቢሽን አካፋ ይዞ መጣ። ጓደኞቹን አስተባብሮ 2.7 ሜትር ጥልቀትና 2.2 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ ቆፈረ። የወጣውን አፈር ከጎኑ፣ በዚያው ልክና ቁመት፣ እንደ ምሰሶ ጠቅጥቆ አቆመው። ሥራው ይኸው ነበር፤ ስሙንም «እናት ምድር» አለው።

ሴኪኔን ቶፖሎጂ የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ማርኮት ነበር። ሰው ምድርን እየቆፈረ አፈሩን ወደ ውጭ ማውጣቱን ባያቆም፣ ምድር እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ውስጧ ባዶ ሆኖ ትቀራለች፤ አሁንም ከቀጠለ ውስጧ ወደ ውጭ ይገለበጣል ብሎ ያስብ ነበር። ከዚህ ሐሳብ ውስጥ በአካፋ የሚደረስበትን ያህል ሠራ። ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ አፈሩ ወደመጣበት ተመለሰ። ጉድጓዱ ተደፈነ፤ ፎቶግራፉ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ስላለው የጃፓን ጥበብ በሚያወሱ ብዙ መጻሕፍት ይገኛል።

ቅርጻ ቅርጽ የሚለው የእኛ ቃል መሮና መዶሻን ያስታውሳል። ጃፓኖች «ቾኮኩ» የሚሉትም እንዲሁ ነው፤ የሚጻፍባቸው ሁለት ምልክቶች ሁለቱም መቅረጽን ይናገራሉ። ቃሉ በዛሬው ትርጉሙ የጸናው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ፣ መንግሥት አውሮፓዊውን ጥበብ ለማስተማር በተነሣበት ጊዜ ነው። በ1876 ቶኪዮ ውስጥ በተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሐውልት መሥራትን ያስተማረው ቪንቼንዞ ራጉዛ የተባለ ጣሊያናዊ ነበር። ከዚያ በፊት ጃፓን እጀ ብልህ አጥታ አታውቅም፤ የቡድሃን ምስል ከእንጨት የሚፈለፍሉ ባለሙያዎች ከሺህ ዓመት በላይ ኖረዋል። ይሁንና ሥራቸው የጸሎት እንጂ የኤግዚቢሽን አልነበረም። ከ1968 ወዲህ የመጡት ቀራጮች ታዲያ በውሰት የመጣውን ትርጉም አንድ በአንድ ሲፈትኑት ቆይተዋል፤ መቅረጽ ከሌለ ቅርጽ አለ?

ሴኪኔና ጓደኞቹ «ሞኖ ሃ» ተባሉ፤ የዕቃ ወገን እንደ ማለት ነው። ስሙ ሲወጣ ለሽሙጥ ነበር። ድንጋይን ድንጋይ፣ ብረትን ብረት፣ ወረቀትን ወረቀት አድርገው ሳይለውጡት ያስቀምጡ ነበር። የቡድኑ አሳቢ ሊ ኡፋን ከኮሪያ የመጣ ሲሆን፣ መስታወት ላይ ድንጋይ ይጥልና የተሰነጠቀውን መስታወት ከነድንጋዩ ይተወዋል። ፋብሪካዎች ቀን ከሌት በሚያመርቱባት በያኔዋ ጃፓን፣ ምንም አላመርትም ማለት ራሱ ንግግር ነበር።

ሁሉም ግን መሮውን አልጣለም። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ካትሱራ ፉናኮሺ (1951–2024) ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲጠርብ ኖሯል። የሚሠራው «ኩሱኖኪ» ከሚሉት የካምፎር ዛፍ ነው፤ ሲጠረብ ሽታው የሚያውድ፣ የጥንት የቡድሃ ምስሎችም ይሠሩበት የነበረ እንጨት። ሰዎቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ናቸው፤ ሸሚዝ የለበሱ፣ ዝም ያሉ፣ ቀለማቸው የሳሳ። ምስጢሩ ዐይናቸው ላይ ነው። ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጃፓን ምስል ሠሪዎች ጭንቅላቱን ከውስጥ ቦርቡረው በዐይኑ ቦታ የተወለወለ ክሪስታል ከጀርባ ይሰኩበት ነበር፤ በመብራት ሲያዩት እርጥብ ይመስላል። ፉናኮሺ ዘዴውን ወስዶ በክሪስታሉ ፈንታ እምነ በረድ ተጠቀመ። ሁለቱ ዐይኖች አንድ ቦታ እንዳያዩም ጥቂት አራራቃቸው። ከምስሉ ፊት ለፊት ቆመው ቢፈልጉ እንኳ ዐይን ለዐይን መገጣጠም አይቻልም፤ እርስዎን አልፎ ያያል። የሃይማኖቱን ዘዴ ይዞ መንገድ ላይ የምናገኘውን ሰው ሠራበት።

ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ዕቃውን ከገበያ ያመጡት ጀመር። ኮሄይ ናዋ በኢንተርኔት ጨረታ የተሸጠ፣ ቆዳው ተሞልቶ የደረቀ አጋዘን ገዝቶ ከቀንድ እስከ ሰኮና በመስታወት ጠጠር ሸፈነው። እያንዳንዱ ጠጠር እንደ ማጉያ መነጽር ከሥሩ ያለውን ፀጉር ያጎላል፤ አጋዘኑም የስልክ ስክሪን ላይ እንደምናየው ምስል በነጥብ ይበታተናል። ከነዚህ አጋዘኖች በ2011 የተሠራው ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ቺሃሩ ሺዮታ ደግሞ ክር ይዛ መጣች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች የጎረቤት ቤት ተቃጠለ፤ በማግስቱ ደጅ ላይ ያየችው የከሰለ ፒያኖ ኋላ በጥቁር ክር ድር ተጠላልፎ በሥራዋ ውስጥ ብቅ አለ። በ2015 በቬኒስ ዓለም አቀፍ የጥበብ ኤግዚቢሽን፣ በጃፓን ድንኳን ከ50 ሺህ በላይ ያገለገሉ ቁልፎችን በቀይ ክር ከጣሪያ አንጠልጥላ፣ ከሥራቸው ሁለት አሮጌ ጀልባዎች አኖረች። ቁልፎቹን የላኩት በተለያየ አገር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ አንድ ቤት ይከፍት ነበር። ፎቶው ያማረ ስለሆነ ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል፤ ቁልፍ የሰጠው ሰው ግን እንዲያ አያየውም።

ዕቃው ሲለያይ ጉዳዩም ይለያያል፤ አንዳንዴም ያጣላል። ኬንጂ ያኖቤ ያደገው በ1970 የኦሳካ ዓለም አቀፍ ኤክስፖ በተካሄደበት ሥፍራ አጠገብ ነው። የልጅነት መጫወቻው የ«መጪው ዘመን» ድንኳኖች ሲፈርሱ የተረፈው ባዶ ሜዳ ነበር። አድጎ ጨረር የሚለካ ቢጫ ልብስ ሠርቶ በ1997 ቼርኖቢል ሄደ። ከፉኩሺማው የኑክሌር አደጋ በኋላ በ2011 «የፀሐይ ልጅ» የሚለውን 6.2 ሜትር ሐውልት ሠራ፦ ቢጫ መከላከያ የለበሰ፣ ቆቡን ያወለቀ፣ በአንድ እጁ ፀሐይ የያዘ ሕፃን። ደረቱ ላይ ያለው የጨረር መለኪያ «000» ይላል። በኦገስት 2018 ፉኩሺማ ከተማ ሲቆም ነዋሪዎች ተቆጡ። ልጁ ያንን ልብስ መልበሱ አየሩ የተመረዘ ያስመስላል አሉ። ደግሞም ዜሮ ጨረር ያለበት ቦታ በምድር ላይ የለም፤ በዚህ ትክክል ነበሩ። ያኖቤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሐውልቱም በተተከለ በሁለተኛው ወር ተነሣ። በእኔ ግምት ቀራጩም ነዋሪውም ልባቸው ንጹሕ ነበር፤ ሳይማከሩ መቆሙ ግን ጥፋት ነበር።

አንድ ቦታ ብቻ መርጠው ማየት ከፈለጉ በሴቶ የውስጥ ባሕር ወዳለችው ናኦሺማ ደሴት ይሂዱ። የያዮይ ኩሳማን ባለ ነጥብ ቢጫ ዱባ ሁሉም በፎቶ ያውቀዋል። በ2021 አውሎ ነፋስ ወደ ባሕር ወስዶት፣ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ተሠርቶ የጀልባ መቆሚያ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሰልፉን ከቻሉ ይሰለፉ። እኔ ግን ወደ መንደሩ እልክዎታለሁ። አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ታትሱኦ ሚያጂማ ውኃ ሞልቶ 125 ቁጥር ቆጣሪ መብራቶችን አስምጦበታል፤ እያንዳንዱ የሚቆጥርበትን ፍጥነት የወሰኑት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ሌላ ቤት ውስጥ ደግሞ ዮሺሂሮ ሱዳ ከእንጨት ፈልፍሎ ቀለም የቀባቸው የካሜሊያ አበቦች ወለሉ ላይ ረግፈው ያገኛሉ፤ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ አጸዱ ውስጥ፣ እውነተኛው የካሜሊያ ዛፍ ቆሟል።