የእንጅባራ ሬዲዮና የእናት ቋንቋ

በአዊ አገር፣ በእንጅባራ ከተማ ስለ ተቋቋመው የማኅበረሰብ ሬዲዮ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ መጻፋችን አንዳንዱን አንባቢ ያስደንቀው ይሆናል። ሬዲዮ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የመሐንዲስ ጉዳይ እንጂ የማጀትና የእልፍኝ ጉዳይ አይደለም የሚል አይጠፋምና። እኛ ግን እንዲህ አናየውም፤ ማታ ራት ከተበላ በኋላ በቤት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገርና ምን እንደሚያዜም፣ ልጆች ነገ በምን አፍ እንደሚናገሩ የሚወስን ነውና።

ቀድሞ ወሬ ወደዚያ አገር ይደርስ የነበረው በእግርና በበቅሎ ነው። የእንግሊዝ ቆንስላ በዳንግላ በነበረበት ዘመን፣ ቆንስሉ ሜጀር ቺስማን በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዚያ አገር ሆኖ ጣናንና ዓባይን መርምሯል፤ ስለዚሁ የጻፈው መጽሐፍም በ1936 ታትሟል። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የጣልያን ጦር ድንበር ከመጣሱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሬዲዮ ለዓለም ሲናገሩ፣ የአገው ምድር ገበሬ ገና ዐዋጅ የሚሰማው በገበያ መካከል ነጋሪት ሲጐሰም ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት ዐዋጅ ቍጥር 533 የብሮድካስቱን ሥራ በሦስት ከፈለው፤ እነርሱም የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ናቸው። የማኅበረሰብ የተባለው ለትርፍ የማይሠራ፣ በአገሬው ፈቃድ ተቋቁሞ በአገሬው የሚመራ ነው፤ እንደ ልማዱም ጥቂት ደመወዝተኞችና ብዙ በጎ ፈቃደኞች ያገለግሉበታል። አስተማሪው ከትምህርት ቤት ሲወጣ፣ ተማሪዋ ጥናትዋን ስትጨርስ፣ ሽማግሌውም ከገበያ መልስ እየገቡ የሚናገሩበት ቤት ማለት ነው። የአዊ ማኅበረሰብ ሬዲዮም ከእንዲህ ያሉት ጣቢያዎች አንዱ ሆኖ በእንጅባራ ተቋቋመ። ከባሕር ዳርም የአማራ መገናኛ ብዙኃን በአዊኛ ፕሮግራም አለው።

ይህ ሁሉ ለምን እንዳስጨነቀን ቍጥሩ ይናገራል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የዞኑ ሕዝብ ወደ 9 መቶ 83 ሺህ ነበር። ከመቶው ወደ 60 የሚሆነው ወገኑ አዊ መሆኑን ሲያስመዘግብ፣ አዊኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው ያለው ግን ከመቶ 45 ያህል ብቻ ነው። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ሰው አዊነቱን ይዞ ቋንቋውን በአማርኛ የለወጠ ነው። አማርኛ ማወቅ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም፤ እኛም የምንጽፈው በእርሱ ነው። ነገር ግን አንዱን ለማወቅ ሌላውን መጣል ግድ አይደለም። የአዊኛ ዘመድ የሆነው የቅማንት ቋንቋ ምን እንደ ደረሰበት እናውቃለን፤ ልጆች በቤት መማር ከተዉት ወዲህ በጥቂት አዛውንት አፍ ብቻ ቀርቷል። የላስታን ነገሥታት ያስነሣ የአገው ወገን ቋንቋ በአንድ ትውልድ ዝምታ እንዲህ ሊጠፋ ይችላል።

ትምህርት ቤት ይህን ያድናል ይባል ይሆናል። በእርግጥ አዊኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ ከአፍንጫ ለሚወጣው ልዩ ድምፁም ጘ የሚባለው ፊደል ተለይቶለታል። ሮበርት ሄትዝሮን የተባለው የቋንቋ ሊቅም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1969 የግሡን ሥርዐት በመጽሐፍ አውጥቷል። ሆኖም የድምፁ መነሣትና መውደቅ፣ የፊደሉም መጥበቅና መላላት በወረቀት ላይ አይታይም። ይህን የሚያስተምር ጆሮ ነው፤ ለዚህም ከመጽሐፍ ይልቅ አያት፣ ከአያትም ቀጥሎ ሬዲዮ ይሻላል። አያትዋ በአዲስ አበባ ለሌለችለት የሹም ልጅማ ሬዲዮ ብቻ ይቀርለታል።

ስለዚህ በሚመጣው የጥር ወር ከእንጅባራ ጣቢያ ብንሰማ የምንወደውን እናመለክታለን። በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ ፈረሶች አጊጠው ሲጋልቡ ማየት ለዐይን ደስታ ነው። ከዚያ በዓል በፊት ባሉት ሳምንታት ጣቢያው የፈረሰኛውን ቀረርቶና ፉከራ ብቻ ሳይሆን፣ ፈረሱን በቤት የሚያበላውንና የሚያጥበውን ልጅ፣ ኮርቻውንና ልጓሙን የሚሠራውንም ባለ እጅ ቢያናግር መልካም ነው። ስለ ሰባቱ የአገው ወንድማማቾች፣ ስለ ባንጃና አንከሻ፣ ስለ ዚገምና ኳኵራ፣ ስለ አዘና፣ ጫራና መተከል ሽማግሎች የሚተርኩትም በየቤቱ ስለሚለያይ፣ ሁለት ሽማግሎችን አገናኝቶ ማከራከር የሚሰለች አይሆንም። በዘፈን በኩል ደግሞ በከተማ የሚሸጠው ሙዚቃ በቅቶናል። የሠርጉን ዘፈን፣ የደቦውን ዜማ፣ እናት ሕፃን የምታባብልበትንም እንጕርጕሮ በሜዳና በማጀት እንጂ በሱቅ አናገኘውም።

ለወይዛዝርም የሚሆን ንግግር ይጨመር። በፋግታ ለኮማ ብዙ ቤተ ሰብ ዴከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ቈርጦ በማክሰል ኑሮውን አሻሽሏል፤ ቈይቶ ግን በዛፉ ላይ በሽታ ገባበት። ከዚያ ወዲህ የልጆችን የትምህርት ወጪ ከምን ማውጣት እንደሚቻል እናት ጠይቃ የእርሻ ዐዋቂ በቋንቋዋ ቢመልስላት፣ ይህ ከሃያ የክብር ንግግር ይበልጣል ብለን እንፈርዳለን።

አሁን ደግሞ ስለ ኢንተርኔት። በኤፍ ኤም የሚሰራጭ ድምፅ ተራራ ያግደዋል፤ ከዞኑም ርቆ አይሄድም። በኢንተርኔት የተላከ ግን ዋሺንግተን ላለው ልጅም ይደርሳል። በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ወጣቶች በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ ማይክሮፎን ጣቢያ ሊያቆሙ የሚችሉትም በዚህ መንገድ ነው። ወጪውን ለቤት አስተዳዳሪዎች እናስላው፤ በሰኮንድ 64 ኪሎቢት የሚላክ ሙዚቃ በአንድ ሰዓት ወደ 29 ሜጋባይት ይበላል፤ ለንግግር የሚበቃው 24 ኪሎቢት ግን ከ11 ሜጋባይት አያልፍም። በጎ ፈቃደኞቹ የንግግሩን ሰዓት በዝቅተኛው ቢልኩት የአድማጩ ኪስ ይተርፋል። በኢንተርኔት ብቻ መታመን ግን አይገባም። በሐምሌ ወር መጨረሻ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቈይ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው አሮጌ ሬዲዮ መስማቱን አላቋረጠም። ከእልፍኙ አውጥታችሁ ለሎሌ የሰጣችሁት ሬዲዮ ካለ መልሳችሁ ተዋሱት።

ዋናው ችግር ግን አየሩ ወይም ሽቦው አይደለም፤ የሚሰማው ነገር ማነስ ነው። ደመወዝ የሌላቸው ልጆች ቀበሌ ለቀበሌ ዞረው ዘፈን ለመቅዳት የመኪና ገንዘብ ከየት ያመጣሉ? ስለዚህ የመቅዳቱን ሥራ ቤተ ሰብ ይጀምረው። ለበዓል ወደ ዳንግላ ወይም ወደ እንጅባራ የምትወርዱ ሁሉ ስልካችሁን ከአያታችሁ ፊት ክንድ ያህል አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ዶሮውንና ሕፃኑን ከደጅ አቈዩ። አስቀድማችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ከዚያም ስማቸውን፣ የቀበሌያቸውን ስምና ዘፈኑን ከማን እንደ ተማሩት በራሳቸው አፍ በመጀመሪያ ያስመዝግቡ፤ ስም የሌለው ድምፅ ከጥቂት ዓመት በኋላ ባለቤት የለውምና። ልጆች አጠገባቸው ተቀምጠው ያልገባቸውን ቃል ይጠይቁ፤ ጥያቄውም አብሮ ይቀዳ። አንዱን ቅጂ ለቤታችሁ አስቀርታችሁ ሌላውን በታኅሣሥ ወር ለጣቢያው ብታደርሱ፣ አዘጋጆቹ ከጥር 23 በፊት ለመምረጥ ጊዜ ያገኛሉ።