ቡችላን ከሰው ጋር ማላመድ

ቡችላ ሊወስዱ አስበው ከሆነ መጀመሪያ የሚያሳስብዎ “መቼ ላምጣው?” የሚለው ነው። በሁለት ወሩ ገደማ ይሁን። በወሩ ከእናቱ መንጠቅ በገጠሩ የተለመደ ነው፤ ግን አይበጅም። ቡችላ ጥርሱን መመጠን የሚማረው ከወንድሞቹ ጋር ሲላፋ ነው። አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ጮኾ ጥሎት ይሄዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ለቀቅ አድርጎ ይይዛል።

ቤት ከገባ በኋላ ግን ጊዜ አያባክኑ። ቡችላ ሰውንም፣ ከብቱንም፣ ድምፁንም ያለ ፍርሃት የሚለምደው ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወሩ ገደማ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ እስከ 14 ሳምንታቸው ሰው ሳይቀርባቸው ያደጉ ቡችሎች ከዚያ ወዲያ ሰውን መልመድ እጅግ እንደከበዳቸው አሳይቷል። ብዙ ውሻ የሚነክሰውም ፈርቶ ነው።

ታዲያ ምን ላሳየው? እንደ ፈረስ ቤት ዙሪያ ባለ ገጠር ከሆኑ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ፣ ዱላ የያዘ እረኛ፣ ጃንጥላ የዘረጋች ሴት፣ የተጫነ በቅሎ፣ ጫጩትና ግልገል። እንደ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ባለ ከተማ ከሆኑ ባጃጅና የጭነት መኪና ይጨምሩ። የቡሄን ጅራፍ መጀመሪያ ከሩቅ ይስማ።

አደራረጉ ቀላል ነው። እንግዳው ቁጢጥ ይበል፤ ፊት ለፊት አያፍጥጥበት። ቁራሽ እንጀራ በመዳፉ ይዞ ይጠብቅ። ቡችላው ራሱ አሽትቶ ይምጣ። ጭራውን ከወተፈ ወይም ባለበት ከደረቀ ራቅ ይበሉለት እንጂ አይጎትቱት። ልጆች ካሉ ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት አጠገባቸው ይሁኑ።

“ሰው ከለመደ ቤቴን ማን ይጠብቃል?” እንደሚሉ አውቃለሁ። እሱው ይጠብቃል። የዘወትሩን የሚያውቅ ውሻ እንግዳውን ይለያል። ከቡችላነቱ ጀምሮ በጨለማ ታስሮ ያደገው ግን ለጎረቤቱም ለሌባውም እኩል ስለሚጮህ በመጨረሻ ሰሚ ያጣል። ኃይለኛ እንዲሆን ብሎ በርበሬ ማብላት ደግሞ ማሠቃየት ብቻ ነው።

በሽታስ? ክትባቱን እስኪያገኝ ገበያ መሬት ላይ አይልቀቁት፤ አቅፈውት ያሳዩት። የማያውቁት ውሻም አይቅረበው። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስወጉት። የሚደገምበትን ጊዜ የእንስሳት ሐኪሙን ይጠይቁ።

ወጪው ከዚህ ክትባት ሌላ የቀን ጥቂት ደቂቃና ፍርፋሪ ነው። ውድ የሚሆነው ሲነክስ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071፣ እንስሳው በድንገት አምልጦ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል።

ማንም ቢነከስ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡት፤ የተነከሰውን ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሌላ መድኃኒት ሲሞክሩ ጊዜ አይለፍብዎ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም።