በጥር የተሰረዘ ውል በሐምሌ ሲፈለግ

ከእናንተ መካከል በመሥሪያ ቤታችሁ ወይም በንግዳችሁ ሼርፖይንት የምትጠቀሙ ትኖራላችሁ። «ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ ነው፤ አይጠፋም» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ግማሹ እውነት ነው። የማይክሮሶፍት ኮምፒውተሮች ቢበላሹ መረጃው አይጠፋም፤ ሠራተኛ በስሕተት የሰረዘው ግን፣ የተለየ ደንብ ካላወጣችሁ፣ በሪሳይክል ቢን የሚቆየው 93 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለ14 ቀን ያህል ኩባንያውን መጠየቅ ይቻላል፤ የሚመልስላችሁ ግን ጣቢያውን በሙሉ እንጂ አንዷን ፋይል አይደለም። ስለዚህ በጥር የተሰረዘ ውል በሐምሌ ኦዲተር ሲጠይቅ የለም!

እንግዲህ የባክአፕ ሶፍትዌር ስትመርጡ ከዋጋው በፊት ሻጩን «አንድ ፋይል ብቻ መልሰህ አሳየኝ» በሉት። ጣቢያውን በጅምላ የሚመልስ ከሆነ የሌሎች ሠራተኞች የሰሞኑ ሥራ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ማን ምን እንዲያይ እንደተፈቀደለትም አብሮ መመለሱን ተመልከቱ፤ አለዚያ የደመወዝ ዝርዝር ለሁሉም ይከፈት ይሆናል። (ይህን ብዙዎች የሚያስታውሱት ከተከፈተ በኋላ ነው።) ቅጂው በዚያው የይለፍ ቃል የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ቃሉን የሰረቀ ሰው ዋናውንም ቅጂውንም ያጠፋል።

ከገዛችሁም በኋላ በየሦስት ወሩ አንድ የሙከራ ፋይል ሰርዛችሁ መልሱ።