ያለቀ ፍሪሲዮን በአሮጌ መኪና፦ መቀየር ወይስ መታገስ?

ባሕር ዳር፦ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያቀናው መንገድ የዓባይን በረሃ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ጭነት የያዘ አሮጌ መኪና ዳገቱን ሲጀምር ሞተሩ ይጮኻል፤ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ጥቂት ቆይቶም የተቃጠለ ነገር ሽታ ይመጣል። ይህ ብዙ ጊዜ የፍሪሲዮን ማለቅ ምልክት ነው። በሜዳ ላይ ሳይታወቅ የቆየው ድካም በዳገት ላይ ይገለጣል።

ጉዳዩ ለብዙዎች አሳሳቢ የኾነው ያለ ምክንያት አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ወደ ሀገር በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተወስኗል። በመኾኑም በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖ መያዝ ለብዙ ባለንብረቶች የኑሮ ጉዳይ ኾኗል። ይሁን እንጂ ለአሮጌ መኪና የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ዋጋውን የሚመልስ አይደለም።

ለመኾኑ ፍሪሲዮን ምን ይሠራል? የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮ ጋር የሚያገናኝና የሚያለያይ አካል ነው። ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ሸራ የለበሰው ዲስክ ነው። ሁለተኛው ዲስኩን ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው ቮላኖ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ሳህን ነው። ሦስተኛው ፔዳሉ ሲረገጥ ሳህኑን ተጭኖ ዲስኩን የሚያላቅቀው ኩሽኔታ ነው። ሸራው በሰበቃ ቀስ በቀስ ያልቃል። በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያልቅ ግን ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም፤ የአሽከርካሪው ልማድ፣ ጭነቱና መንገዱ ይወስኑታል።

ከውሳኔው በፊት ችግሩ በእርግጥ የሸራው ማለቅ መኾኑን መለየት ያስፈልጋል። ጭር ባለ ሜዳማ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ እየሄዱ ነዳጅ ሲሰጡ፣ የሞተሩ ዙር ከፍጥነቱ ቀድሞ ከዘለለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ማርሽ አልገባ ካለ፣ በተለይም የኋላ ማርሽ እየተንጫጫ የሚገባ ከኾነ ግን ጥፋቱ ከሸራው ላይኾን ይችላል። የገመዱ መላላት፣ የዘይቱ መጉደል ወይም የፍሪሲዮን ፖምፓው መድከም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። እነዚህ ደግሞ ካምቢዮ ሳይወርድ፣ በአነስተኛ ወጪ የሚስተካከሉ ናቸው።

ድምፅም የራሱ ትርጉም አለው። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚሰማ ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ያመለክታል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ተሰምቶ ሲረገጥ የሚጠፋ ከኾነ ግን የካምቢዮው የውስጥ ኩሽኔታ ሊኾን ይችላል። መኪናው ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ ከኾነም ሸራው ላይ ዘይት ፈስሶ፣ ቮላኖው በሙቀት ተጎድቶ ወይም የሞተሩ መቀመጫ ጎማዎች ተበልተው ሊኾን ይችላል።

ችግሩ ከሸራው መኾኑ ከተረጋገጠ የሚቀጥለው የወጪ ስሌት ነው። በዚህ ሥራ ትልቁ ድካም ካምቢዮውን ማውረድና መልሶ መስቀል ነው። አንድ ዕቃ ለመቀየርም ኾነ ሦስቱን ለመቀየር ድካሙ ያው ነው። ዛሬ ዲስኩን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ኩሽኔታ የተወ ባለንብረት፣ ኩሽኔታው ሲበላሽ ለጉልበት ዳግመኛ ይከፍላል። ስለዚህ ሦስቱን በአንድነት መቀየር፣ ከሞተሩ በኩል ዘይት የሚያግደውን ጎማ መመልከትና ቮላኖው ተበልቶ ከኾነ በቶርኖ ቤት ማስተካከል ይመከራል። ዘይቱ እየፈሰሰ አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብን ማባከን ነው።

ካምቢዮው ወርዶ ዲስኩ ሲታይ ፍርዱ በዐይን የሚረጋገጥ ነው። በቶዮታ የጥገና መመሪያዎች ሸራውን የያዙት ሪቬቶች ከሸራው ገጽ ከ0 ነጥብ 3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጥልቀት ከቀራቸው ዲስኩ ይቀየራል። አዲሱ ዕቃ ከመገጠሙ በፊት ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ይዞ የዲስኩን ስፋትና የመሐሉን ጥርሶች ብዛት ማነጻጸርም ተገቢ ነው። የአሮጌ ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአየር ግፊት መንፋት ለመካኒኩ ሳንባ አደገኛ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ታዲያ መቀየር የማያዋጣው መቼ ነው? ሞተሩ ዘይት የሚበላ፣ ካምቢዮው ማርሽ የሚተፋ ወይም ሻንሲው በዝገት የተጎዳ ከኾነ አዲስ ፍሪሲዮን መኪናውን አያድነውም። ስለዚህ የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የአካሉን ጤንነት ማስመርመር ያለበት ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ነው። እነዚህ ደኅና ከኾኑ የመኪናው ዕድሜ መርዘም ብቻውን ጥገናውን ለመተው ምክንያት አይኾንም።

መታገስ የሚቻልበት ጊዜም አለ። መንሸራተት ሳይኖር ቀላል ድምፅ ብቻ ካለ እየተከታተሉ ገንዘብ ማጠራቀም ይቻላል። መንሸራተት ከጀመረ ግን ራሱን አያስተካክልም፤ በየቀኑ የሚፈጠረው ሙቀት ሳህኑንና ቮላኖውን ጭምር ያበላሻል። ዕቃው በጊዜው ካልተቀየረ መኪናው ጭነቱንና ተሳፋሪውን እንደያዘ ዳገት ላይ ሊቆም ይችላል።

አዲሱ ፍሪሲዮን ከተገጠመ በኋላም ዕድሜው በአሽከርካሪው እግር ይወሰናል። በጉዞ ላይ እግርን ፔዳሉ ላይ አለማሳረፍ፣ ዳገት ላይ ሲቆሙም መኪናውን በፍሪሲዮን ሳይኾን በእጅ ፍሬን መያዝ ሸራውን ለረጅም ጊዜ ያቆየዋል።