ያውቁ ኖሯል? እንጨቱን የሚይዘው ፓምፑ ሳይሆን አየሩ ነው
በኮምፒውተር በሚመራ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ላይ ጣውላው በቫኪዩም ሲያዝ፣ ከጠረጴዛው ጋር የሚያጣብቀው ከላይ የሚጫነው አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ጎንና ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ምጽዋ ላይ ቢበዛ በ103 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይጫናል፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 78 ይወርዳል። ጉልበተኛ ፓምፕ ቢገዙም ይህ ጣሪያ ከፍ አይልም፤ ትልቁ ፓምፕ የሚረዳው በስንጥቅ የሚገባውን አየር ቶሎ ለመምጠጥ ነው። የቁራጩ ስፋት ሲያንስ ጫናውም ስለሚያንስ፣ ትንንሽ ቁራጮችን በክላምፕ ወይም በብሎን ይሰሩ። እንጨቱ ምንም ሳይነቃነቅ ቅርጹ በአንድ ወገን ጠልቆ በሌላው ከሳሳ ግን፣ ከሥር የተነጠፈውን ኤምዲኤፍ በዚያው ማሽን ልገው ያስተካክሉት።