ጌሙ ከልጅዎ ጠባይ ጋር ይስማማል?

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ከሳሎን «ዘረፉኝ! ሁሉንም ወሰዱብኝ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ቢላዋውን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ሌባ በመስኮት ስልኩን የነጠቀው ነበር የመሰለኝ። ሳሎን ስደርስ ግን መስኮቱ ዝግ ነው፤ ስልኩም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የ14 ዓመቱ ልጄ ላፕቶፑ ፊት ቁጭ ብሎ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ለካስ የተዘረፈው ጌም ውስጥ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንጨት ቆርጦ፣ ማዕድን ቆፍሮ ያገኘውን ጥሩር፣ ሰይፍና ፈረስ ሦስት የማያውቃቸው ተጫዋቾች አድብተው ጠብቀው ወሰዱበት። ጌሙ ይህን ይፈቅዳል፤ እንዲያውም ዋናው ጨዋታ እሱ ነው።

እኔም ብዙ ወላጅ የሚያደርገውን አደረግኩ። «ድሮም ብዬ ነበር! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ጌም የሚባል ነገር የለም!» ብዬ ላፕቶፑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት።

ማታ ታናሽ ወንድሜ መጣ። እሱ ከተማሪነቱ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ጌሞችን ይጫወታል። ነገሩን ስነግረው ሳቀና «ጥፋቱ ጌም መጫወቱ አይደለም፤ የገባበት ጌም የእሱ አይደለም። ይሄ ልጅ እኮ ኳስ ሜዳ ላይ እንኳ ሰው ጠልፎ የማያውቅ ነው። አሜሪካ ያሉት የአክስቱ ልጆች ስለሚጫወቱት ብቻ ነው የጀመረው» አለኝ።

ያን ማታ አንድ ነገር ገባኝ። ስለ ልጄ ጌም የማውቀው ስንት ሰዓት እንደሚጫወት ብቻ ነበር። እዚያ ውስጥ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደሚያስደስተው አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ዘመናዊው እቃቃ

እነዚህ ጌሞች በኦንላይን የሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች ይባላሉ። ስሙ ይክበድ እንጂ ሐሳቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅ ሆነን «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ ባለ ሱቅ» እያልን በቆርኪና በሸክላ ስብርባሪ እቃቃ ስንጫወት የሚና ጨዋታ መጫወታችን ነበር። ልዩነቱ የዛሬው እቃቃ ግቢ በሺዎች ከሚቆጠሩ የዓለም ሰዎች ጋር የሚጋሩት መሆኑና ልጅዎ ቢተኛም ጨዋታው የማይቆም መሆኑ ነው። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፤ ስም ያወጣለታል፤ ሙያ ይመርጥለታል። በቡድን ሲሠለፍም አንዱ ጓደኞቹን የሚከላከል፣ ሌላው ቁስለኛ የሚፈውስ፣ ሌላው የሚያጠቃ ይሆናል።

ጅማሬው እንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾ የተባለ ተማሪ «መድ» የተሰኘ፣ ሥዕል የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ጌም ጀመረ። ሥራውን የቀጠለው ጓደኛው ሪቻርድ ባርትል ነበር። በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ደግሞ ይህን ዓይነት ጨዋታ በሚሊዮን ወደሚቆጠሩ ቤቶች አስገባው።

አራቱ የሰፈር ልጆች

ባርትል ተጫዋቾች ለምን እንደሚጫወቱ ለዓመታት ሲታዘብ ከቆየ በኋላ በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ በአራት ከፈላቸው። ጽሑፉን ሳነበው ትዝ ያለኝ ያደግኩበት ሰፈር ነው፤ አራቱም ልጆች እዚያ ነበሩ።

የመጀመሪያው ብይ ሰብሳቢው ነው። ኪሱ በብይ እስኪቀደድ ይጫወታል፤ ማታ ቆጥሮ ይተኛል። ጌም ውስጥም ደረጃው ሲጨምር፣ ዕቃው ሲበዛ፣ ያቀደው ሲሞላ ነው የሚደሰተው።

ሁለተኛው አሳሹ ነው። ብዩን ጥሎ ወንዝ ይወርዳል፤ ከማን አጥር ሥር ቀዳዳ እንዳለ እሱ ያውቃል። ጌም ውስጥም ተራራ ጀርባ ምን እንዳለ ለማየት ሲል ብቻ ሰዓታት ይጓዛል።

ሦስተኛዋ ጨዋታ አዋቂዋ ናት። ገመድ ዝላይ ላይ ተራዋ ቢያልፍም ግድ የላትም፤ የመጣችው ለወሬው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ተጫዋች ጌሙ ሰበብ ነው፤ ዋናው ሰው ነው።

አራተኛው ተፎካካሪው ነው። ትግል ካልገጠመ፣ በፔፕሲ ሰው መትቶ ካላስወጣ ቀኑ አልዋለለትም። ጌም ውስጥም ከኮምፒውተሩ ጭራቅ ይልቅ ከሕያው ሰው ጋር መግጠም ይመርጣል።

እርግጥ ነው፣ ሰው እንደ ብይ በቀለም አይለይም። ኒክ ዪ የተባለ ተመራማሪ በ2006 ባሳተመው ጥናት እነዚህ ፍላጎቶች በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳይቷል። ሰብሳቢ የሆነ ልጅ ወሬም ሊወድ ይችላል። ሆኖም የትኛው እንደሚያመዝን ማወቅ ከብዙ ብስጭት ያድናል። የእኔ ልጅ አሳሽ ሆኖ ሳለ የገባው ተፎካካሪዎች አድብተው በሚጠብቁበት ዱር ነበር።

የትኛው ጌም ለማን?

ልጅዎ ወይም እርስዎ ራስዎ አሳሽ ከሆኑ በ2012 የወጣው ጊልድ ዋርስ 2 ይስማማል። ወርኃዊ ክፍያ የለውም፤ መሠረታዊው ክፍል ከ2015 ጀምሮ በነጻ ይገኛል። ሌላ ሰው የቆፈረው ማዕድን ለእርስዎም ስለማያልቅ በሽሚያ መጣላት የለም። ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የደረሰ ተጫዋች ወደ ጀማሪዎች ቦታ ሲመጣ ጉልበቱ ስለሚቀነስ ታላቅና ታናሽ አብረው መጫወት ይችላሉ።

ታሪክ የሚወድ፣ ልብ ወለድ ይዞ የሚያመሽ ሰው ፋይናል ፋንታሲ 14ን ይሞክር። ዋናው ታሪክ ረጅም ነው፤ ብዙ ማንበብ ይጠይቃል። አማርኛ ስለሌለው እንግሊዝኛው ያልጠና ልጅ ግን ይሰለቻል። ያለ ጊዜ ገደብ በነጻ የሚሞከር ሰፊ ክፍል አለው።

በቡድን ተደራጅቶ ከባድ ነገር መፈጸም ለሚወድ ሰብሳቢ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት አለ። እስከ 20ኛው ደረጃ ነጻ ሲሆን ከዚያ በኋላ በወር 14.99 ዶላር ያስከፍላል።

ፉክክርና ፖለቲካ ለሚወድ አዋቂ ደግሞ በ2003 አይስላንድ ውስጥ የተሠራው ኢቭ ኦንላይን አለ። እዚያ የወደመ መርከብ በወደመበት ይቀራል። በጥር 2014 በተካሄደ አንድ ጦርነት ከ7 ሺህ በላይ ተጫዋቾች 21 ሰዓት ገደማ ተዋግተዋል። ይህን ሲያነብቡ ልብዎ ከሞቀ ጌሙ የእርስዎ ነው፤ ከደከመዎት ግን አይጠጉት።

ከማውረድዎ በፊት፦ ጊዜ፣ ገንዘብ፣ መስመር

ጌሙ ከጠባይ ጋር ቢስማማም ከቤቱ ጋር ላይስማማ ይችላል።

መጀመሪያ ጊዜውን ይጠይቁ። እነዚህ ጌሞች እንደ ፊልም ባሉበት አይቆሙም። ለእራት ሲጠራ «እሺ፣ መጣሁ» እያለ የሚዘገይ ልጅ ሁልጊዜ እምቢተኛ አይደለም፤ ፈዋሽ ሆኖ ተሠልፎ ከሆነ እሱ ሲነሣ ጓደኞቹ ይሸነፋሉ። ስለዚህ «አንድ ዙር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው የሁለትና የሦስት ሰዓት የቡድን ዘመቻ የሚጠይቅ ጌም ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ወርኃዊ ክፍያ ያለው ጌም ቢያንስ ወጪው ይታወቃል። «ነጻ» የሚባለው ግን ውስጡ ሱቅ አለው። በተለይ ምን እንደሚወጣ ሳይታወቅ ተከፍሎ የሚከፈተው ሣጥን ከሎተሪ አይለይም፤ ቤልጅየም በ2018 በቁማር ሕጓ ከልክላዋለች። የባንክ ካርድ ቁጥር በልጅ አካውንት ላይ ተመዝግቦ አይቅር። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚከፍልም ከሆነ ልኩን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ልጅ ለአጎቱ በየሳምንቱ መልእክት ሲልክ የሚያፍሩት እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛው መስመር ነው። ብዙዎቹ ጌሞች አካውንት ሲከፈት አውሮፓ ወይስ አሜሪካ ብለው ያስመርጣሉ። ከአዲስ አበባ አውሮፓ ስለሚቀርብ ምላሹ ይፈጥናል። ሆኖም የሚጫወቱት ሜሪላንድ ካለ ዘመድ ጋር ከሆነ አንድ ቦታ ካልመረጣችሁ ላትገናኙ ትችላላችሁ። ኢንተርኔቱ የሚንቀረፈፍ ወይም መብራት የሚጠፋበት ቤት ደግሞ በቅጽበት የሚወሰን ውጊያ አይመችም፤ አሰሳ፣ ንግድና ዕደ ጥበብ ያለበት ጌም ይሻላል።

ለልጆች ደግሞ በማሸጊያው ወይም በማውረጃ ገጹ ላይ ያለውን የዕድሜ ምልክት ይመልከቱ፤ አውሮፓውያኑ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 ብለው ነው የሚከፍሉት። ምልክቱ ስለ ጌሙ ይዘት እንጂ ውስጡ ስለሚያገኟቸው ሰዎች አይናገርም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የድምፅ ንግግሩን ይዝጉት፤ እውነተኛ ስም፣ ትምህርት ቤትና ሰፈር እንዳይናገር አጥብቀው ይንገሩት።

የሱስ ፍርሃትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከጌም ጋር የተያያዘ የጤና ችግር ተካትቷል። መለኪያው ግን የሰዓት ብዛት ብቻ አይደለም። ሰውየው ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጌሙን ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ሲያስቀድም፣ እየጎዳውም ሲቀጥልና ይህም ብዙውን ጊዜ ለ12 ወራት ሲዘልቅ ነው። እንቅልፉ፣ ትምህርቱና ጓደኝነቱ እየተበላሸ ከሆነ ጌም መቀየር መፍትሔ አይሆንም፤ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

በሩ ጀርባ ምን ነበር?

ማትስ ስቴን የተባለ ኖርዌያዊ ወጣት ጡንቻን በሚያዳክም በሽታ ተይዞ በተሽከርካሪ ወንበር ይኖር ነበር። አብዛኛውን ጊዜውን ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ «ኢበሊን» በሚል ስም አሳለፈ። በ2014 በ25 ዓመቱ ሲያርፍ ወላጆቹን ከሞቱ እኩል ያሳዘናቸው ያለ ወዳጅ መኖሩ ነበር። አባቱ የልጁን ሞት በልጁ የኢንተርኔት ማስታወሻ ላይ ሲገልጹ ግን ከየአገሩ የሐዘን መልእክት ጎረፈ። ከቡድኑ አባላት አንዳንዶቹ ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተጉዘው ቀብሩ ላይ ተገኙ። ታሪኩ በ2024 በዘጋቢ ፊልም ቀርቧል።

እኔን የነካኝ አንድ ነገር ነው። ማትስ በጌሙ የተዋወቃት ሆላንዳዊት ልጅ ወላጆቿ መጫወት ሲከለክሏት ለወላጆቿ ደብዳቤ ጽፎላት ነበር። ይህን ሳይ የቆለፍኩት ቁም ሳጥን ትዝ አለኝ። ማትስ የሚፈልገው ሰው ነበር፤ የገባበት ጌምም ሰው የሚገኝበት ነበር። ወላጆቹ ግን የሚያዩት የተዘጋ በር ብቻ ነበር።

ሦስት ምሽት

ላፕቶፑን ከቁም ሳጥን አወጣሁት። ከልጄ ጋር የተስማማነው ነጻ ጌም አውርደን ሦስት ምሽት ልንሞክር፣ እኔም አጠገቡ ልቀመጥ ነው። ለእርስዎም የምመክረው ይህንኑ ነው። ከሦስት ምሽት በኋላ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሲጨርስ ፊቱ ምን ይመስላል? የሚያወራው ስላየው፣ ስላሸነፈው ወይስ ስላገኘው ሰው ነው? ነገ ሌላ ጉዳይ ቢኖር ሳይጨናነቅ ይተወዋል?

በመጀመሪያው ምሽት ልጄ አንድም ጭራቅ ለመግደል አልቸኮለም። ገደል ጫፍ ላይ ወጥቶ ታች ያለውን ከተማ ሲያሳየኝ አመሸ። በሁለተኛው ምሽት እኔ ራሴ «እስቲ በዚያ በኩል ሂድ» እያልኩ ሳዘው ወንድሜ ሳቀብኝ። በሦስተኛው ምሽት እራት ስጠራው «ይቺን ድልድይ ልሻገርና» አለ፤ ተሻግሮም መጣ።

አሁን ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ አሜሪካ ቀትር ሲሆን፣ ከአክስቱ ልጆች አንዱ አብሮት ይገባል። ሌላው «ውጊያ የሌለበት ጌም አይጥመኝም» ብሎ እዚያው ዱሩ ውስጥ ቀርቷል፤ እሱ ተፎካካሪ ነው፣ መብቱ ነው። እኔም «ስንት ሰዓት ተጫወትክ?» ማለቱን ጨርሶ አልተውኩም፤ እናት ነኝ። አሁን ግን የምጀምረው በሌላ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እንጀራ እየቆረስን «ዛሬስ ምን አየህ?» አልኩት።

«ፏፏቴው ጀርባ ዋሻ አለ፣ እማ» አለኝ። «ነገ ላሳይሽ።»